ኔጋቲቭ ነሽ ከተባልኩ በኋላ

በእኛ ቤት ማንኮራፋት የወንድ ነበር። አባቴ ያንኮራፋ ነበር። አጎቶቼማ አይነሳ። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ተደርድረው ሲያድሩ፣ ማን ማንን ሲቀሰቅስ እንዳደረ ጠዋት ቡና ላይ ይነሳና ይሳቅ ነበር። ሴት ስታንኮራፋ ግን አይሳቅም። አይወራምም። አክስቴ ስታንኮራፋ እናቴ «ድክም ብሏት ነው» ብላ ቶሎ ወሬውን ትቀይራለች።

ስለዚህ ልጄ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «እማዬ፣ ታንኮራፊያለሽ» ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው። ከካናዳ እንግዳ መጥቶብን ክፍሏን ለቃ ከእኔ ጋር ነበር ያደረችው። አባቷ የሌሊት ሥራ ላይ ነበር። «ማንኮራፋቱ አይደለም ያስፈራኝ» አለች። «በመሃል ዝም ትያለሽ። ትንፋሽ የሚባል የለም። ከዚያ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው ትተነፍሻለሽ። ደግሞ ትጀምሪዋለሽ።» አስመስላ አሳየችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሃምሳን ተሻግሬአለሁ። ይደክመኝ ነበር፤ ግን እዚህ አገር ያልደከመው ሐበሻ ማን አለ? ጠዋት ራሴን ያመኛል። ሌሊት ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በልመናም አይመጣ። የደም ግፊት ኪኒኔ ሁለት ዓይነት ሆኖ እንኳ ግፊቱ አልወርድ አለ። ይህን ሁሉ በዕድሜ አሳብበነው ነበር፤ እኔም፣ ሐኪሜም። ታይሮይድ ታየ። አይረን ታየ። «ጭንቀት ይኖርብሻል?» ተባልኩ። ጭንቀትማ የሌለበት የለም።

በኋላ ሳነብ ያወቅኩት፣ ይህ ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም ተኝተን ሳለ ትንፋሽ ደጋግሞ የሚቋረጥበት በሽታ፣ በሴቶች ላይ የሚታይበት የተለመደ መልክ መሆኑን ነው። ብዙ ወንዶች ጣራ የሚነቀንቅ ማንኮራፋት ይዘው ይመጣሉ። ሴቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ድካም፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የስሜት መቀያየር ይዘን እንመጣለን። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ደግሞ የስሊፕ አፕኒያ ዕድላችን ከፍ ይላል። እና ሐኪም ቤት ገብታ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሆድ ይብሰኛል» የምትል የሃምሳ ዓመት ሴት የእንቅልፍ ኪኒን ወይም የድብርት መድኃኒት ተጽፎላት ብትመለስ አይገርምም።

ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ ልበል። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። ምላስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አንዳንዱ ሰው ጋ የአየሩ መተላለፊያ እስኪዘጋ ድረስ ይላላል። ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፤ አየር ግን አያልፍም። ይህ 10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ጠቦ ትንፋሽ ሲያንስም፣ የሚያሟላው መስፈርት ካለ ይቆጠራል። አንጎል ይደነግጥና ለጥቂት ሰከንድ ያነቃናል፤ ጡንቻው ይጠብቃል፤ አየር ይገባል፤ እንደገና እንተኛለን። ጠዋት አንዱንም አናስታውሰውም። በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ ጤና ነው ይባላል። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ።

ሐኪሜ ልጄ ያለችውን ስነግራት አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ስቶፕ ባንግ ይባላል። ቶሮንቶ ውስጥ ዶክተር ፍራንሲስ ቻንግ የምትባል የማደንዘዣ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ2008 ያወጣችው ነው። ስምንት ጥያቄ ብቻ። ታንኮራፊያለሽ? ቀን ይደክምሻል? ደም ግፊት አለብሽ? ዕድሜሽ ከ50 በላይ ነው? አራቱንም አዎ አልኩ። ከዚያ የአንገት ዙሪያ ልክ መጣ፤ ወፍራም አንገት ነጥብ ያስገኛል፤ የእኔ አልደረሰም። ከዚያ «ወንድ ነህ?» የሚል አለ። አይደለሁም። ወንድ አለመሆኔ አንድ ነጥብ አስቀነሰኝ።

ከስምንቱ ያቆመኝ ግን አንዱ ነው። «ተኝተሽ ትንፋሽሽ ሲቆም ያየ ሰው አለ?»

ማን ያያል? ባልና ሚስት ሆነን አንድ አልጋ እየተጋራን አንገናኝም። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። የማውቃቸው ስንቱ ሐበሾች ቤዝመንት ተከራይተው ብቻቸውን ያድራሉ። ስንቱ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ቀን መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል። አገር ቤት ቢሆን ይህ ጥያቄ መልስ አያጣም፤ አንድ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ሰው በሚያድርበት ቤት ያንተን እንቅልፍ ካንተ በላይ የሚያውቅ አለ። እዚህ ያ ምስክር የለም። ልጄ ያን ቀን ከእኔ ጋር ባታድር ኖሮ ለዚያ ጥያቄ «የለም» ብዬ እመልስ ነበር፤ ሐኪሜም «የለም» ያለበትን ወረቀት ይዛ ትወስን ነበር።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ምርመራ የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው። ምስክር ለሌለው ሰው ምስክር ይልካሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ በ2008 የቤት ምርመራ ውጤትን ለሲፓፕ ማሽን (በጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ለሚያደርገው) በቂ ማስረጃ ነው ብሎ ከተቀበለ ወዲህ በጣም ተስፋፍቷል። ስሊፕ ላብ፣ ማለትም የእንቅልፍ መመርመሪያ ማዕከል፣ ከማደር በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ቀጠሮ አይጠበቅበትም። በራስ አልጋ ነው። ኢንሹራንሶችም አብዛኞቹ ላብ ከመፍቀዳቸው በፊት «መጀመሪያ ቤትሽ ተመርመሪ» ይላሉ።

የእኔ በፖስታ መጣ። የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን ናት። ውስጧ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ ቀበቶው ላይ የምትሰካ ትንሽ መቅጃ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ባለ ሁለት ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ። ቀበቶው የደረትን መነሳትና መውረድ ያያል። ቱቦው የአየሩን ግፊት ይለካል። የጣቱ መለኪያ ቀይ መብራት ነው፤ ብርሃኑ በቆዳና በደም ውስጥ አልፎ ኦክስጅኑን ይገምታል። ሌላ ዓይነትም አለ፤ እጅ ላይ እንደ ሰዓት ታስሮ ከጣት የደም ሥር መጥበብና መስፋት እየተነሳ የሚገምት። ዎችፓት የሚባለው ከዚህ ወገን ነው፤ የሠራው ኢታማር ሜዲካል የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ነው።

መመሪያው የጥፍር ቀለም አጥፊ ይላል። ስለ እንሶስላ አይናገርም። ለዘመድ ሠርግ ሞቄው ነበር፤ በአሴቶን አይለቅም። የጥፍሬን ቀለም እያየሁ ከሁሉ የደበዘዘውን ጣት መረጥኩ። ቱቦውን በጆሮዬ ዙሪያ አሳልፌ ጉንጬ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ቀበቶውን ከሌሊት ልብሴ በላይ አሰርኩ። መቅጃው ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። ባሌ በር ላይ ቆሞ «ጠፈርተኛ» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ።

ያን ሌሊት ብዙ ተኛሁ ብዬ አልዋሽም። ዞር ስል ቱቦው ይጎትተኛል። ጣቴ ይሞቀኛል። ጣሪያ እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ነቃሁና እስኪነጋ ተጋደምኩ። ይህ ሁሉ ጊዜ መቅጃው ይቀዳል።

በፖርታል፣ በሐኪም ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ፣ መልእክት መጣ። በሰዓት 4። ኔጋቲቭ። ከሥሩ «ክብደት ቀንሺ፣ በጎንሽ ተኚ፣ አልኮል አትጠጪ» ይላል። አልኮል አልጠጣም። ማንም አልደወለልኝም። ቢሯቸው ብደውል የስልክ ተቀባይዋ «ደስ ይበልሽ እንጂ» አለችኝ። ባሌም ደስ አለው። ልጄ ግን «እማዬ፣ እኔ እኮ በዓይኔ አይቻለሁ» አለችና ስልኳን አወጣች። ለካ ስተኛ ቀድታኛለች። ቪዲዮው ጨለማ ነው፤ የሚታይ የለም። የሚሰማው ግን ይበቃል። ማንኮራፋት፣ ማንኮራፋት፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ሲረዝም እያዳመጥኩ ራሴ ትንፋሼን ያዝኩ።

ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው? ማንም። ይህን ለመረዳት ግን ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል።

ሳጥኗ እንደተኛሁ አታውቅም። ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ የለም፤ የአንጎል ሞገድ አትለካም። የምታውቀው ከመቼ እስከ መቼ እንደቀዳች ነው። እንበል አንድ ሰው ለ8 ሰዓት ሲቀዳ 5 ሰዓት ብቻ ተኛ። በነዚያ 5 ሰዓታት 30 ጊዜ ትንፋሹ ተቋረጠ። 30 ለ5 ሲካፈል 6 ነው። በሽታ አለ። ሳጥኗ ግን 30ውን ለ8 ነው የምታካፍለው። 3.75። በሽታ የለም። ያው ሰው፣ ያው ሌሊት። እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ብዙ ሰዓት ነቅቶ ስለሚጋደም ቁጥሩ በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ከሴቶች ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ነው ብያለሁ።

ሁለተኛው ከዚህ የረቀቀ ነው። መተላለፊያው ጠቦ ትንፋሽ ሲያንስ፣ አንዳንዱ ሰው ኦክስጅኑ እስኪወርድ ድረስ ይተኛል። አንዳንዱ ደግሞ ኦክስጅኑ ሳይወርድ አንጎሉ ቀድሞ ይነቃል። እንቅልፉ በየደቂቃው ይቆራረጣል፤ የጣቱ መለኪያ ግን ምንም አላየም። ይህን ዓይነት መንቃት የሚያሳየው የጭንቅላቱ ሽቦ ብቻ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2012 ባወጣው መስፈርት፣ ኦክስጅን በ3 በመቶ ከወረደ ወይም አንጎል ከነቃ ይቆጠራል ይላል። ሜዲኬር ደግሞ 4 በመቶ መውረድ አለበት ይላል፤ መንቃትን አይቆጥርም። የአንድ ሰው አንድ ሌሊት በሁለት መስፈርት ሁለት ቁጥር ያወጣል። አንዱ በሽተኛ ይለዋል፤ ሌላው ጤነኛ።

ሦስተኛው የቆዳችን ነገር ነው። ይህን ስጽፍ ትንሽ ይቆጨኛል። የጣት መለኪያው በብርሃን ስለሚሠራ የቆዳ ጥቁረት ያሳስተዋል። በ2020 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ታትሞ፣ በደም ምርመራ ኦክስጅናቸው ዝቅ ያለ ሆኖ መለኪያው ግን ደህና ነው ያላቸው ሰዎች በጥቁሮች ላይ ከነጮች ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ አገኘ። ጥናቱ የተሠራው ሆስፒታል በተኙ ሕሙማን ላይ ነው እንጂ በእንቅልፍ ምርመራ ላይ አይደለም። መብራቱ ግን ያው መብራት ነው። ምርመራው በሙሉ በዚያ ጣት ላይ በተንጠለጠለበት ቦታ ይህን አለማንሳት ይከብዳል።

ያስገረመኝ ግን ይህ ሁሉ የተሸሸገ ምሥጢር አለመሆኑ ነው። አካዳሚው በ2017 ባወጣው መመሪያ በግልጽ ተቀምጧል፦ የቤት ምርመራ ኔጋቲቭ ከሆነ፣ ወይም ካልለየ፣ ወይም በደንብ ካልተቀዳ፣ ሰውየው ስሊፕ ላብ ገብቶ ሙሉ ምርመራ ይደረግለት። የቤት ምርመራው ራሱ የታሰበው ሌላ የተወሳሰበ በሽታ ለሌለበትና መካከለኛ ወይም ከባድ አፕኒያ ይኖርበታል ተብሎ በብርቱ ለሚጠረጠር አዋቂ ሰው ነው። ከባድ የልብ ወይም የሳምባ ችግር ያለበት፣ ስትሮክ የመታው፣ ኦፒዮይድ የሕመም ማስታገሻ አዘውትሮ የሚወስድ፣ ከባድ የእንቅልፍ እጦት ያለበት በቀጥታ ወደ ላብ ነው። ማለትም ሳጥኗ «አለብሽ» ካለች ትታመናለች። «የለብሽም» ስትል ግን መልስ ሰጠች አይባልም። ስልክ ላይ «ደስ ይበልሽ» ያለችኝ ልጅ ይህን አታውቅም፤ አልፈርድባትም። መልእክቱን የፈረመው ሰው ግን ያውቃል።

ሐኪሜ መመሪያውን ጠቅሳ ደብዳቤ ጻፈች። ኢንሹራንሱ መጀመሪያ እምቢ አለ። ሁለተኛ ጻፈች። ቪዲዮውን መላክ አይቻልም እንጂ ልጄ ልትልከው ተዘጋጅታ ነበር። ተፈቀደ።

ከዚያ የፀጉር ጉዳይ መጣ። ይህን ወንዶች አያውቁትም። ላብ ውስጥ ጭንቅላት ላይ የአንጎል ሞገድ የሚለኩ ሽቦዎች በማጣበቂያ ይለጠፋሉ። ቆዳ መንካት አለባቸው። በስልክ «ፀጉርሽን ታጥበሽ፣ ቅባት ሳትቀቢ፣ ሹሩባም ሆነ ዊቭ ፈትተሽ ነይ» ይሉሻል። እኔ ገና በሳምንቱ ነበር የተሠራሁት። ግማሽ ቀን ተቀምጬ፣ ገንዘብ ከፍዬ። ስንት ሴት በዚህ ምክንያት ቀጠሮ እንደምትሰርዝ አሰብኩ። ቤት የሚደረገው ምርመራ ከላብ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ፀጉር አይነካም።

ሳልፈታ ሄድኩ። ደግነቱ የሌሊቷ ቴክኒሻን ጋናዊት ነበረች። ጭንቅላቴን በእጇ ዳበሰችና «መሥመርሽ ሰፊ ነው፣ ይበቃኛል» አለች። በሹሩባው መካከል ባለው መሥመር እየሄደች ቆዳውን በጥጥ ፈተገች፤ በጣቷ ጫፍ ማጣበቂያ አደረገች፤ ሽቦዋን ጫን አድርጋ በፋሻ ቁራጭ ሸፈነችው። አንድም ቦታ አልሳተችም። ከዚያ አገጬ ላይ፣ ዓይኔ ጥግ፣ ደረቴ ላይ፣ ሁለቱ ባቶቼ ላይ። ሽቦዎቹን ሰብስባ እንደ ጅራት ከኋላዬ አሰረቻቸው። «ሽንት ቤት ስትፈልጊ ስሜን ጥሪ፣ እሰማሻለሁ» አለችኝ። ካሜራ አለ። ማይክሮፎን አለ። ሰው እያየኝ እተኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ግን ተኛሁ። ማጣበቂያው ከፀጉሬ ለመልቀቅ ግን ሙቅ ውሃና ብዙ ትዕግሥት ፈጀ።

ሪፖርቱ ሁለት ቁጥር ነበረው። በአካዳሚው መስፈርት በሰዓት 16፤ መካከለኛ። በ4 በመቶው መስፈርት 9፤ ቀላል። ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ብቻ ሲቆጠር ደግሞ 38። በዚህ ክፍል ጡንቻ ከሁሉ በላይ ይላላል፤ የሚበዛው ደግሞ ወደ ንጋት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምን እንደምነቃ ያኔ ገባኝ። አማካይ ቁጥር ብቻ የያዘ ሪፖርት ይህን አይናገርም። 9ኙ ቁጥር ብቻውን ለማሽን ያንሳል፤ ከ5 እስከ 14 ያለ ሰው ደም ግፊት ወይም የቀን እንቅልፍ ወይም እንቅልፍ ማጣት ካለበት ግን ሜዲኬር ይቀበለዋል፤ የእኔም ኢንሹራንስ ያንኑ ተከተለ። ለዓመታት የተማረርኩበት ደም ግፊቴ አንድ ቀን ጠቀመኝ።

ስሊፕ አፕኒያን ትቼ ስለ ሌሎቹ ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም ጓደኞቼ ሳጥኗን የእንቅልፍ ሁሉ ምርመራ አድርገው ነው የሚያስቧት። አይደለችም። የምታየው ትንፋሽ ብቻ ነው። እግሩ ሌሊቱን ሲወራጭ የሚያድር ሰው፣ በሕልሙ ተነሥቶ የሚማታ ሰው፣ የእነዚህ መልስ ያለው በጡንቻ ሽቦና በካሜራ ነው፤ ላብ ውስጥ። ናርኮሌፕሲ፣ ማለትም ቀን እንቅልፍ ድንገት የሚጥልበት በሽታ፣ የሚጠረጠርበት ሰው ላብ አድሮ በማግስቱም እዚያው ይውላል፤ በየሁለት ሰዓቱ እንዲያሸልብ ይደረግና በስንት ደቂቃ እንደተኛ ይለካል። ማታ ማታ እግሬን አላስቀምጥ አለኝ የሚል ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሽን አያስፈልገውም፤ በደንብ ይጠየቃል፣ የአይረን ክምችቱ ይታያል። እንቅልፍ ያጣ ሰውም መጀመሪያ የሚሰጠው ሳጥን ሳይሆን የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት የሚጽፍበት ወረቀት ነው።

ዱካክስ? ይህን ሁሉም ይጠይቀኛል። አእምሮ ነቅቶ ሰውነት አልንቀሳቀስ ሲል፣ ደረት ላይ የሆነ ነገር ሲጫን። ሕልም በምናይበት ጊዜ ሰውነታችን እንዳይንቀሳቀስ አንጎል ይቆልፈዋል፤ ቁልፉ ሳይፈታ ከነቃን ዱካክ ነው። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ባልቃሙ ማታ ይመጣብናል ይላሉ። እንቅልፍ ያነሰውና የተዘበራረቀበት ሰው ይበረታበታል። የትኛዋም ሳጥን አታየውም፤ አንድ ሁለት ጊዜ የመጣበት ሰውም ምርመራ አያሻውም።

ሥራ ቦታ ደግሞ የእጅ ሰዓት ወሬ ነው። አፕል በሴፕቴምበር 2024 በሰዓቱ ላይ የስሊፕ አፕኒያ ማስጠንቀቂያ እንዲያወጣ ተፈቀደለት፤ ሳምሰንግ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ቀድሞት ነበር። የአፕሉ በ30 ቀን ውስጥ የእጅን ጥቃቅን እንቅስቃሴ እያየ መካከለኛ ወይም ከባድ ነገር ከጠረጠረ ይነግራል። ጥሩ ነው፤ ሐኪም ቤት የማይሄድ ሰው ሊያስነሳ ይችላል። ግን አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «ሰዓቴ ምንም አላለኝም፣ ደህና ነኝ» ስትል ሰማሁና ያቺ ስልክ ተቀባይ ትዝ አለችኝ። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ምርመራ አይደለም ይላሉ። እሷ ደግሞ ከሁላችን በላይ ቁጭ ባለችበት የምታንቀላፋ ናት።

አሁን ሲፓፕ አለኝ። ነገሩን የፈጠረው ኮሊን ሱሊቫን የተባለ የሲድኒ ሐኪም ነው፤ በ1980 የቤት መጥረጊያ ቫኪዩም ሞተር ገልብጦ አየር ወደ ውጪ እንዲነፋ አድርጎ ጀመረው፣ በ1981 ላንሴት ላይ አወጣው። የዛሬው ድምፁ አይሰማም። ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደተጠቀምኩ ራሱ ይልካል። በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀን፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶ ላይ ቢያንስ 4 ሰዓት ካላደረግሽ ይወስዱታል። የሌሊት ሠራተኞች ይህን ሰምተው ይደነግጣሉ፤ ቀን የተኙትም ስለሚቆጠር አይደንግጡ። የጭንብሉ ማሰሪያ ሹሩባ ላይ ይንሸራተታል፤ ከሥሩ የሳቲን ሻሽ አስራለሁ። ደም ግፊቴ ወርዷል፤ አንዱ ኪኒን ቀርቶልኛል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃቱ አልፎ አልፎ አለ።

ኔጋቲቭ ተብለው ድካማቸው ያልቀረ ሰዎች ሲደውሉልኝ፣ ውጤቱን በአንድ ቃል አትቀበሉ፣ ሪፖርቱን ራሱን አስልኩ እላለሁ። ስንት ሰዓት ተቀዳ? ከዚያ ውስጥ ነቅታችሁ የተጋደማችሁት ስንት ይሆናል? የተቆጠረው በ3 ነው በ4 በመቶ? በጀርባ ስትተኙና በጎን ስትተኙ ለየብቻ ተቆጥሯል? ከሁሉ ዝቅ ያለው ኦክስጅን ስንት ነው? እነዚህን ይዞ ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው «ደስ ይበልህ» ተብሎ አይሸኝም።

ታናሽ ወንድሜ ቴክሳስ ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳል። አንገቱ እንደ አጎቶቻችን ነው። ማንኮራፋቱን ሳይሆን መንጃ ፈቃዱን ነው የሚፈራው። «እታለም፣ አለብህ ካሉኝ እኮ እንጀራዬን ይነጥቁኛል» አለኝ። የሚያስነጥቀው በሽታውን ሳያክሙ መንዳት ነው፤ ታክሞ ማሽኑን የሚጠቀም ሾፌር ሐኪሙ ፈርሞለት መንዳቱን ይቀጥላል። ይህን ካስረዳሁት በኋላም ለወራት አንገራግሮ ሳጥኗን አስላከ። በአንድ ሌሊት በሰዓት 52 አወጣችለት። ላብ አላስፈለገም፤ ክርክር አላስፈለገም። ሳጥኗ የተሠራችው ለእንደሱ ዓይነቱ ነው። ማሽኑ በመኪናው ባትሪ እንዲሠራ የሚያደርግ ገመድ ገዝቶ ጋቢናው ውስጥ ካለው መኝታ አጠገብ አስቀምጦታል። አሁን ሲደውል የሚያማርረው ስለ ውሃው ነው፤ ማሽኑ ዲስትልድ የሚባለውን ውሃ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ የከባድ መኪና ማረፊያ ደግሞ ባለ ጋሎኑን ካልሆነ አይሸጥም።